አዲስ የጭነት መኪና ቀለም፦ የቱን መሸፈን፣ የቱን መተው

አዲስ መኪና የሚረከብ ሰው ገና ቁልፉን ሳይጨብጥ «ሴራሚክ ይቀባ?»፣ «ላስቲክ ይለጠፍበት?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ ሰውየው ግን የዚያን ቀን ደስታ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚሠራ መኪና የእኔ መልስ እንዲህ ነው፦ ሙሉውን አታስሸፍኑ። ጠጠር የሚመታውን ግንባር «ላስቲክ» በሚሉት ወፍራም ፊልም፣ የቀረውን ጋቢና በየጊዜው በሚታደስ ሰም ጠብቁ፤ የተረፈውን ገንዘብ ዓይን የማያየው ብረት ላይ አውሉት። አይሱዙ ኤፍ ኤስ አርም ሆነ ኤን ፒ አር ወይም ፒክአፕ፣ ስሌቱ ያው ነው። የሚለያየው ጠጠሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ቀለም እዚህ አካባቢ በምን እንደሚጎዳ ለማወቅ መንገዱን ማየት ይበቃል። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተነስቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና መጀመሪያ ከፊቱ ያለው ተሳቢ የሚያስፈነጥረውን ጠጠር፣ ቀጥሎ አሸዋ ያዘለ የአፋር ንፋስ፣ ጅቡቲ ከደረሰ ደግሞ የባሕር ጨው ያገኘዋል። አፍዴራ ገብቶ ጨው የሚጭን ከሆነማ ጨዉን ከላይም ከሥርም ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ደጋው በበኩሉ የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጃኬት አስለብሶ የሚያውለው ብርድ አያታላችሁ፤ ቀለም የሚያፈዝዘው የፀሐይ ክፍል እዚያው ነው የሚበረታው።

የሐረጎን ቁልቁለት አትርሱ። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች መንገድ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይባላል። ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሾፌር ከጎማው ዙሪያ የጋለ የብረት ብናኝ እየረጨ ነው የሚወርደው። ብናኙ ጎማውን የሚከድነው ፓራፋንጎና የበር ግርጌ ላይ ይጣበቅና እርጥበት ሲያገኝ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። ነጭ መኪና ላይ «ቀለሙ ዛገ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ይኸው ነው፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ጤነኛ ነው። በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ የፍሬን ሸራውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ያተርፋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የፋብሪካ ቀለም ከሥር ከሚቀባው ፕራይመር እስከ ላዩ ብርሃን አሳላፊ ክሊር ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይወፍራል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ላዩ ላይ ያለው ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የሰው ፀጉር ያነሰ ማለት ነው። ሴራሚክ የሚባለው ቅብ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን አካባቢ ነው። የጠጠር መከላከያ ፊልም ደግሞ ከ150 እስከ 200። እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ሰው ሻጩ የሚናገረውን ግማሹን ራሱ መመዘን ይችላል። ሁለት ማይክሮን ምን ጠጠር ያቆማል? ሴራሚክ ውሃና ጭቃ ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል፣ ማጠብን ያቀልላል፣ የወፍ ኩስና ኬሚካል ቀለሙ ውስጥ እስኪሰርጉ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ጠጠር ግን አይመልስም፤ ይመልሳል የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

ከመወሰን በፊት ቀለሙ ክሊር ያለው መሆኑን እዩ። ነጭ የሥራ መኪኖች ውስጥ ክሊር የሌላቸው፣ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ የተረጩ አሉ። ነጭ ላይ ነጭ ስለማይታይ በጥቁር ጨርቅ ጠብታ ፖሊሽ አድርጋችሁ ከበሩ ሥር የማይታይ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ሌላ ቀለም ያለው መኪና ከሆነ ጨርቁ ነጭ ይሁን። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ክሊር የለውም። ክሊር የሌለው ቀለም በፀሐይ ዱቄት የመሰለ ነገር እያወጣ ይፈዛል፤ ይህን ለማዘግየት ሰም በቂ ነው፣ ሴራሚክ ላይ ማውጣት አያዋጣም። ላቫጆ ገብታችሁ «ፖሊሽ አድርጉልኝ» ስትሉ ደግሞ ማሽን ይዘው ክሊር የሚቆርጥ ፖሊሽ እንዳያመጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ ቀለም የሚቆረጥ ነገር የለውም።

ጋቢናና የሥር ብረቱን (ሻንሲውን) ብቻ ገዝቶ የጭነት ሳጥኑን (ካሶኒውን) እዚህ የሚያሠራ ሰው ብዙ ነው፤ የቀለም ጥፋት ከሁሉ በፊት የሚደርሰውም እዚያ ነው። ከግራይንደርና ከብየዳ የሚወጣው ፍንጣሪ የጋለ ብረት ነው። ጋቢናው ላይ ሲያርፍ ክሊሩን አቅልጦ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ሁለትና ሦስት ዝናብ ከመታው በኋላ የጋቢናው ጀርባና ጣሪያ በቡናማ ነጥብ ይሞላል። መስታወት ላይ ያረፈው ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ጋቢናውን፣ የኋላ መስታወቱንና የነዳጅ ታንከሩን በረጠበ ወፍራም ሸራ ማስሸፈን የባለመኪናው ሥራ ነው፤ በያጁ ራሱ አያስበውም። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ይበሳል፣ እሳትም ይይዛል። በዚያው የባትሪውን ኔጋቲቭ ማስፈታት አትርሱ፤ የኮምፒውተር ሳጥን ያለው መኪና ላይ የብየዳ ጅረት ከቀለም የበለጠ ዕዳ ያመጣል። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይወጣል፦ መጀመሪያ ካሶኒው ያልቃል፣ ቀጥሎ በር ላይ የሚጻፈው ስምና የሚለጠፈው ጥቅስ ይጻፋል፣ ከዚያ ብቻ ፊልም፣ ሴራሚክ ወይም ሰም። ሴራሚክ የተቀባ በር ላይ የተጻፈ ጽሕፈት እየተላጠ ይወድቃል።

የካሶኒው የራሱ ቀለም የመኪናው ደካማ ቦታ ነው። የጋቢናው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ 140 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ የተጋገረ ነው፤ የካሶኒው ግቢ ውስጥ በኮምፕሬሰር ተረጭቶ በአየር የደረቀ። እዚህ ላይ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ከየትኛውም ሴራሚክ ይበልጣል። ብረቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ላዩ ላይ ጥቁር ልጣጭና ዘይት አለው፤ ቀለም በዚያ ላይ ሲቀባ ልጣጩ ሲነሳ ቀለሙንም ይዞት ይነሳል። ስለዚህ ልጣጩ በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ በየብየዳው ላይ የቀረው ቅርፊት ይቀጠቀጣል፣ ሁሉም በቲነር በተነከረ ንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። የጸዳ ብረት ሳይቀባ አይደር፤ በክረምት ደሴ ውስጥ በአንድ ሌሊት ቀይ ይሆናል። ቀጥሎ ኢፖክሲ ፕራይመር ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ላሜራ በላሜራ ላይ በተነባበረበት ሁሉ ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ሁለት ጊዜ። ብዙ ቦታ የሚደረገው አንድ እጅ ቀይ አንቲ ረስት ረጭቶ በሲንተቲክ ቀለም መዝጋት ነው፤ ቀጭኑ አንቲ ረስት እርጥበት ያሳልፋል፣ ዝገቱም ከስፖንዳው (ከካሶኒው የጎን ግድግዳ) ማጠፊያና ከብየዳው መስመር ይጀምራል። የወለሉ ተሸካሚ ብረቶች ወለሉ ከመገጠሙ በፊት ይቀቡ፤ ከተገጠመ በኋላ ማንም ብሩሽ አያስገባበትም።

በአየር የደረቀ አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር እስኪወጣ ይተነፍሳል። ሰም ለመቀባት 60 ቀን ያህል ጠብቁለት፤ ፊልም መለጠፍም እንደዚያው። በፋብሪካ የተጋገረው ጋቢና ግን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ከርክክቡ ማግስት መሥራት ይቻላል፣ እንዲያውም ፊልም ከሆነ ከመጀመሪያው የባቲ ጉዞ በፊት መለጠፍ አለበት። ጠጠር ከመታው በኋላ የሚለጠፍ ፊልም ጠባሳውን ከነዝገቱ ይዘጋበታል።

ፊልሙ የት ይለጠፍ? ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ መኪና ላይ ከመስታወቱ በታች ያለው ሰሌዳ ጠጠሩን ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው፤ እሱ ሙሉ ይሸፈን። ከዚያ ሁለቱ የማዕዘን ሰሌዳዎች፣ የስፖኪዮ ጀርባ፣ የመስታወቱ ዙሪያ ቋሚዎች፣ ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለው የበር ግርጌ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የመውጫ ደረጃው ጠርዝ። ፒክአፕ ከሆነ የኮፋኖው የፊት ጠርዝ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ፓራውልቱ (ባምፐሩ)፣ የኋላ ፓራፋንጎ የፊት አፍ። ሌላውን ተዉት። ጣሪያ ላይ ጠጠር አይወጣም፤ ሻጩ ግን በካሬ ሜትር ስለሚያስከፍል ጣሪያውን ይወደዋል።

ዋናው ጥንቃቄ የፊልሙ ዓይነት ነው። ቲ ፒ ዩ የሚባለው ሲለጠጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀጭን ጭረትም በፀሐይ ሙቀት ይጠፋበታል። ርካሹ ፒ ቪ ሲ ነው፤ ቁራጩን ስትስቡት ተለጥጦ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሸበሸባል፣ ሙጫው ይደርቃል፣ በመጨረሻ ሲነሳ በተለይ በድጋሚ የተቀባ ሰሌዳ ከሆነ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ቁራጭ ጠይቁና ሳቡት። የሚቆጣ ነጋዴ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ቦታው ታጥቦ፣ የተጣበቀው ብናኝ ክሌይ በሚባለው ጭቃ መሰል ማጽጃ ተለቅሞ፣ በግማሽ ውሃ በተቀየጠ አልኮል ይጠረጋል። በሊትር ውሃ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ የተደረገበት መርጫ በቀለሙም በሙጫው ፊትም ላይ በብዛት ይረጫል፤ ፊልሙ ተንሸራቶ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ከመሃል ወደ ዳር በጎማ መግፊያ ውሃው ይወጣል፤ ጠርዝ የሚይዘው ደግሞ ከ10 እስከ 20 በመቶ አልኮል ባለው ውሃ ነው። ፊልሙ ከሰሌዳው ጠርዝ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቁም ወይም ሙሉ ለሙሉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ልክ ጠርዙ ላይ የቆመ በውሃ ግፊት ይነሳል። መኪናው ላይ አስቀምጦ በምላጭ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ምላጩ ክሊሩን ይቆርጣል፣ ያ መስመር በኋላ ዝገት ይሆናል። ለ48 ሰዓት አይታጠብ። ውሃ የያዙ ትናንሽ ፊኛዎች በራሳቸው ይጠፋሉ፤ ኮምቦልቻ በቀናት፣ ደሴ ብርድ ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አየር የያዘ ፊኛ ግን አይጠፋም፤ ሲጫኑት ቦታ የሚቀይረው ውሃ ነው።

ዋጋውን ለመመዘን አንድ ነገር በቂ ነው፦ የታመነ ቀለም ቤት ሄዳችሁ የፊት ሰሌዳውን ብቻ እንደገና ለመቀባት ስንት እንደሚል ጠይቁ። የግንባሩ ፊልም ከዚያ ሁለት እጥፍ በታች ከሆነ፣ መኪናውም በባቲ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ያዋጣል። ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ዕቃ የሚያመላልስ ከሆነ አያዋጣም፤ ለእሱ ሰም ይበቃዋል።

ሴራሚክ የግድ ከፈለጋችሁ ለጋቢና 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል። በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር እየተከፈለ በጥላ ይቀባል፣ ላዩ ቀስተ ደመና መስሎ ሲታይ በማይክሮፋይበር ይጠረጋል። ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ይህ በደቂቃ ውስጥ ይሆናል፤ ከዘገየ ጠቁሮ ይደርቅና የሚነሳው በፖሊሽ ብቻ ነው። ደሴ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ባለው ሥሩ፤ በማለዳ ላሜራው ጤዛ ይዟል። ለ24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው፣ ለ7 ቀን ሳሙና እንዳያገኘው። የ5 ዓመት ዋስትና ወረቀት ከተሰጣችሁ ጠጠር፣ ጭረትና «ያልተፈቀደ ላቫጆ» የሚሉትን አንቀጾች ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሰም ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከተክል የሚገኘው ካርናውባ ሰም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሰው ሠራሹ ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል ይባላል፤ በእኛ አቧራ ከሦስት ወር በላይ አትቁጠሩበት። ስለዚህ ቢያንስ በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ ሳይገባ፣ በመስከረም መጨረሻ ሲወጣ፣ እንደገና በጥር። በስሱ ይቀባ፤ ወፍራም ሰም አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ውሃ ሲረጭበት ጠብታ መሥራቱን ትቶ እንደ አንሶላ ከተነጠፈ አልቋል ማለት ነው።

አዲስ ቀለም የሚያጠፋው ግን ከሁሉ በላይ እጥበት ነው። ማለዳ ላይ በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ ክሊሩን በአሸዋ መፋቅ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ፣ ጭቃው ለአምስት ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹህ ውሃ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ይገፍፈዋል፣ ጎማና ፕላስቲኩን ያነጣል። የግፊት ውሃ አፈሙዝ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይቅረብ፤ ጠጠር የመታው ቦታ ላይ በቅርብ ከተያዘ ቀለሙን እየቀደደ ይሄዳል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጋቢናው ላይ የተቀመጠው ብናኝ ጠል ሲያገኘው ስለሚጠጥር በዚያኑ ቀን መጀመሪያ በአየር ተነፍቶ፣ ቀጥሎ በብዙ ውሃ ይውረድ፤ አይታሽ። ከጠጠረ በእኩል ውሃ በተበረዘ ኮምጣጤ ጥቂት ደቂቃ ማራስና በደንብ ማለቅለቅ ነው።

ጠጠር ቀለሙን ሲያነሳ ግራጫ ፕራይመር ብቻ ከታየ አትቸኩሉ። ብረት ካበራ ግን በክረምት ቀን አትስጡት። ዙሪያውን በአልኮል ጥረጉ፣ ዝገት ከጀመረ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ቦታዋን ብቻ አንሱ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ኢፖክሲ ፕራይመር ጠብ አድርጉና ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙ ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ። የቀለሙ ቁጥር ጋቢናው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። 100 ግራም አስቀይጣችሁ ጠርሙሱን መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

የተረፈው ገንዘብ ከሥር ይሂድ። ላቫጆ ላይ «ጋሼ፣ ከሥር ናፍታ እንርጭልዎ?» የሚለው ልጅ ክፋት የለውም፤ ናፍታና የተቃጠለ ዘይት ግን ጎማ ቡሽና ቱቦ ያሳብጣል፣ አቧራ አጣብቆ እርጥበት ያቅፋል፣ ታጥቦም ቦርከና ወንዝ ይገባል። በሱ ፈንታ ሰም መሠረት ያለው የሻንሲ መከላከያ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ንጹህና ደረቅ ብረት ላይ አስረጩ። ጥቁሩ ጎማ መሰል ቅብ የሚሆነው ለአዲስ ብረት ብቻ ነው፤ ዝገት ላይ ከተቀባ ከውስጥ እየበላው ላዩ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። በሮቹ ግርጌና የጋቢናው ወለል ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ቅቡ እንዳይዘጋቸው በወረቀት ቴፕ አስሸፍኑ፤ ሲያልቅ ቴፑን ማንሳት ይረሳል፣ ራሳችሁ እዩት። ጨው ጭኖ ወይም ከጅቡቲ የተመለሰ መኪና በሁለት ቀን ውስጥ ከሥር በንጹህ ውሃ ብቻ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ጊዜ ወስዶ ይታጠብ። የጭቃ መከላከያ ጎማው ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይውረድ፤ የራስን ጎማ ጠጠር ከራስ ካሶኒ የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉ ያንሳል።

አሸዋና ድንጋይ ለሚያመላልስ ገልባጭ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ፊልሙም ሰሙም በጭነት ጣቢያው አንድ ቀን አያልፉም፤ ለእሱ የብየዳ መስመሩን ማሸግ፣ ከሥር ማስረጨትና የቀለም ጠርሙሱን አለማጣት ይበቃል።